የወታደር ልምድ በትምህርት ሚዛን፦ ከስድስት ኪሎ ሪጅስትራር እስከ ሲኦሲ

በውትድርና የተገኘ ሥልጠናና ልምድ በኮሌጅ ክሬዲት ተያዘ የሚባለው፣ አንድ ሰው በሠራዊት ቤት የተማረው ሙያ ከሲቪል ኮሌጅ ኮርስ ጋር ተነጻጽሮ ኮርሱን ድጋሚ ሳይማር እንደ ወሰደ ሲቆጠርለት ነው። በአሜሪካ አሠራሩ የራሱ መዝገብና ስም አለው። በአዲስ አበባ ግን ከጦር ቤት የተመለሰ ሰው ያካበተውን ዕውቀት በወረቀት ለማስመስከር የሚሄደው በብዛት ወደ ሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ ወደሚባለው ነው። ስለ ጉዳዩ በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት ስለሆነ፣ ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው የተደገፈው አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም በሚታተመው ነጋሪት ጋዜጣ በወጡ አዋጆችና በስትራቴጂ ሰነዶች ነው። ስለዚህም ሕግ የበዛበት ዘመን ገጽ ይበዛበታል።

የአሠራሩ ምንጭ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ለተመላሽ ወታደር ሁሉ፣ ምን እንደተማረ ሳይጠይቁ፣ በጅምላ ክሬዲት ሰጥተው ነበር። ይህ አሠራር ትችት አስከተለባቸው። በሁለተኛው ጦርነት ማብቂያ የተመላሾች የትምህርት ወጪ በመንግሥት እንዲሸፈን እ.ኤ.አ. በ1944 ሕግ ሲወጣ፣ ስህተቱ እንዳይደገም የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ወታደራዊ ኮርሶችን አንድ በአንድ የሚመረምር አካል በ1945 አቋቋመ። መርማሪዎቹ የኮሌጅ መምህራን ናቸው። የሥልጠናውን መጽሐፍ፣ ፈተናውንና የፈጀውን ሰዓት አይተው «ይህ ይህን ያህል ክሬዲት ይገባዋል» ብለው ሐሳብ ያቀርባሉ። መቀበልና አለመቀበል የኮሌጁ ፈንታ ነው። ክርክሩም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ የመሠረታዊ ውትድርና ሥልጠና በስፖርትና በመጀመሪያ ዕርዳታ ኮርስ ይያዝና፣ ተማሪው ለሚመረቅበት የትምህርት ዘርፍ ግን ሳይጠቅመው ይቀራል። የአየር ኃይላቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1972 የራሱን ኮሌጅ ከፍቶ ችግሩን ከሥሩ አቃለለው።

ስድስት ኪሎና የክሬዲት ሰዓት

በኢትዮጵያ የክሬዲት ሰዓት ቋንቋ የገባው በአንጋፋው ዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1954 ዓ.ም. ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ በስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆነ። በአደረጃጀቱ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እጅ ስለነበረበት፣ ሴሚስተሩም ክሬዲቱም ትራንስክሪፕቱም (የኮርስና የውጤት መዝገቡ) የአሜሪካን መልክ ያዘ። በሳምንት አንድ ሰዓት ለአንድ ሴሚስተር የተሰጠ ትምህርት አንድ ክሬዲት ሰዓት ይባላል።

ስድስት ኪሎ ከክፍል ውጭ ለሚገኝ ዕውቀት በሩን የዘጋ ተቋም ነው ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ለምረቃ ከመድረሳቸው በፊት አንድ ዓመት ገጠር ወርደው እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። አገልግሎቱን ያልፈጸመ አይመረቅም። ይህን ቀድሞ ያደረገ ዩኒቨርሲቲ በአህጉሩ ብዙ አይገኝም።

ወታደሩ ግን ይዞት የሚመጣው ወረቀት ሌላ ነው። ሪጅስትራር ኮርስ የሚያዛውረው ኮርሱ ስም፣ ይዘት፣ ክሬዲትና ውጤት ሲኖረው ነው፤ የመጨረሻው ቃልም የሴኔቱ ሕግ ነው። የሠራዊት መሸኛ፣ ማለትም የስንብት ወረቀቱ፣ ደግሞ የገባበትን ቀን፣ ማዕረጉን፣ የሠራበትን ክፍልና የተሰናበተበትን ምክንያት ይናገራል። አሥር ዓመት የሬዲዮ ግንኙነት የሠራ ሰው በመሸኛው ላይ «የመገናኛ ባለሙያ» ከመባል አልፎ ምን ያህል ኤሌክትሮኒክስ እንደሚያውቅ የሚገልጽ መስመር አያገኝም።

የጦር ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ዝቅ የሚደረጉ አልነበሩም። ሆለታ ገነት በስዊድን መኮንኖች በ1927 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በህንድ መኮንኖች የተጀመረው የሐረር ጦር አካዳሚ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱትን መርጦ ሦስት ዓመት ያስተምር ነበር፤ ከጦር ስልት ጎን የቀለም ትምህርትም ነበረው። የሐረር ምሩቅ ከሆለታ ይበልጣል፣ አይበልጥም የሚለው ክርክር በጡረተኛ መኮንኖች መካከል ዛሬም አልበረደም። አካዳሚው በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጦርነት ጋር ተያይዞ ተዘጋ።

በደርግ ዘመን 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጣ፤ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ታወጀ፤ ብዙ ወጣት ትምህርቱን ሳይጨርስ መለዮ ለበሰ።

ከ1983 ወዲህ

ደርግ ሲወድቅ 455 ሺህ ያህል የቀድሞው ሠራዊት አባላት ተበተኑ። በሰኔ 1983 ዓ.ም. የቀድሞውን ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ትኩረቱ ወደ እርሻ፣ ወደ ቀድሞ ሥራና ወደ ሙያ ሥልጠና መመለስ ነበር። በመኪና ጥገና፣ በግንበኝነት፣ በሕክምና ረዳትነት የሠለጠነው ብዙ ሰው የቀን ሥራ ሲለምን የታየበት ዘመን ነው፤ የያዘው ዕውቀት ሳይጠፋ ወረቀቱ ዋጋ አጣ።

ከበረሃ የገቡት ታጋዮች ሌላ መንገድ ነበራቸው። ከነሱ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን አቋርጠው የወጡ ናቸው። መለስ ዜናዊ የሕክምና ትምህርታቸውን ጥለው ወጥተው፣ ሥልጣን ላይ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1995 ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በንግድ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ አገኙ። ያ ዩኒቨርሲቲ የመደበኛ ትምህርት ማስረጃ ለሌለው በሩን በመክፈት የታወቀ ነው። ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ በሲኤምሲ መንገድ በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅም ታጋይ የነበሩ ብዙ ኃላፊዎችን አስተምሯል። ይህን የልምድ ዕውቅና የሚሉት አሉ፤ የፖለቲካ ውለታ የሚሉትም አሉ። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይመስሉም።

ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ደግሞ፣ ከታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ ገንዘብ በተደገፈ ፕሮግራም 148 ሺህ ያህል ወታደሮች ተሰናበቱ።

ምዘናው

ለውጡ የመጣው በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ነው። ስትራቴጂው «የት ተማርክ?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «ምን ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። በመደበኛ ትምህርት የተገኘም፣ በአጭር ሥልጠና የተገኘም፣ በሥራ ላይ የተለመደም ችሎታ በአንድ የሙያ ደረጃ ይመዘናል። የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 954 ይህንኑ በሕግ አጸና። ለተመላሽ ወታደር ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሰፊ በር አልተከፈተለትም ብሎ መናገር ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተመዛኙ ሙያውንና ከ1 እስከ 5 ካሉት ደረጃዎች የሚመጥነውን መርጦ ይመዘገባል። የጽሑፍ ፈተና አለ፤ ከዚያ የተግባር ፈተና አለ። የተግባሩ ፈተና የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ማሽኑና ወርክሾፑ ባለበት ኮሌጅ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ያለውና እ.ኤ.አ. በ1942 የተቋቋመው ተግባረ ዕድ፣ ወይም በስድስት ኪሎ በኩል ያለው እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ እዚህ ላይ ይነሳሉ። መዛኞቹ ከኢንዱስትሪና ከማሠልጠኛ ይመረጣሉ፤ አሠልጣኝ የራሱን ሠልጣኝ አይመዝንም። ውጤቱ ሁለት ነው፦ ብቁ፣ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ። «ወደቀ» አይባልም፤ ሰውየው ተዘጋጅቶ ተመልሶ ይመዘናል።

የጦር ሠራዊት መካኒክ በዚህ በኩል ሲያልፍ እጁ አያሳፍረውም። ኦራል የሚባለውን የጦር ጭነት መኪና ገላጣ ሜዳ ላይ ሞተር አውርዶ የሰቀለ ሰው በወርክሾፕ ውስጥ ምን ይከብደዋል? የሚያስቸግረው የጽሑፉ ክፍል ነው፤ በሥራ ላይ በአማርኛና በጣሊያንኛ ቅይጥ የሚጠራቸው ዕቃዎች ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ ሲመጡ ግራ ይጋባል። ፍሪሲዮን የሚለውን ክላች ብሎ ማንበብ ይለምዳል። ጤና ላይ ነገሩ ጠበቅ ይላል፤ በግንባር ቁስለኛ ያከመ ድሬሰር (የሕክምና ረዳት) ብቃቱ ቢመዘንም፣ ከተማ ውስጥ ለመሥራት የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃድ ሕግ ይመለከተዋል።

ከምዘናው ወደ ዲግሪ

ሲኦሲ ክሬዲት አይደለም፤ ይህን ማምታታት የተለመደ ነው። የብቃት ሰርተፊኬት ያለው ሰው ኮሌጅ ሲገባ ኮርሶች አይቀነሱለትም፤ ደረጃው የሚያገለግለው እንደ መግቢያ ማስረጃ ነው። በዲግሪ ትምህርት ለመቀጠል የሚጠየቀው መስፈርት ደግሞ በየጊዜው በትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ ይለዋወጣል። የግል ኮሌጆች ማስታወቂያ ከመመሪያው ቀድሞ ሲሮጥ ስለሚታይ፣ ከመመዝገብ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን መጠየቅ ይሻላል። አሁን ያለው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የ2011ዱ ቁጥር 1152 ነው።

በመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባሉት ኮሌጆች የተማረ መኮንን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ እንደማንኛውም ምሩቅ ትራንስክሪፕት ይዞ ይወጣል። ጥያቄው የሚቀረው በተራ ወታደሩና ከመኮንን በታች ባለው ባለሌላ ማዕረግ ላይ ነው።

ለምዘና የሚቀርብ ተመላሽ በብዛት መታወቂያውን፣ መሸኛውን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውንና ያለውን የኮርስ ሰርተፊኬት ይዞ ይሄዳል። መሸኛው የጠፋበት፣ በተለይ በ1983 ዓ.ም. መንገድ ላይ የተበተነው ሰው፣ ልምዱን በደብዳቤ ማስረዳት ሲያቅተው ከአጭር ሥልጠና ይጀምራል። ብዙዎቹ ሃያ ዓመት የሠሩበትን ሙያ ከደረጃ 1 ጀምረው ተመዝነውበታል።