ዘላቂ የከተማ ልማት ምንድን ነው?

ገበሬ ክረምቱ ሲገባ ጎተራው ቢራቆትም ለዘር ያስቀመጠውን እህል አይነካም። ቤቱ ቢቸገር ይበደራል እንጂ ዘሩን አያስፈጭም። ዘሩ ከተበላ የከርሞው አዝመራ የለም። «ዘላቂ ልማት» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው።

ቃሉ በዓለም ላይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በወቅቱ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የመሩት የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ያን ዓመት ሪፖርቱን አወጣ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ የዛሬው ሰው የሚያስፈልገውን ያግኝ፣ የነገው ሰው ግን የሚያስፈልገውን እንዳያጣ።

ከተማ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከተማ የሚበላውን አያመርትም። ውሃው፣ እህሉ፣ መብራቱ ከሌላ ቦታ ይመጣል። ቆሻሻው ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ የከተማ ልማት ዘላቂ ይሁን አይሁን ለማወቅ እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ይሄ ከየት መጣ? ስንጨርሰውስ የት ይሄዳል?

አዲስ አበባ በመጀመሪያው ጥያቄ የተፈተነችው ገና በልጅነቷ ነው። በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ጥዱም ወይራውም ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆረጠ። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት እንጨት ቸገራት። አፄ ምኒልክ ትተዋት ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ አስበው እዚያ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ቢቆርጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል። ችግሩ የመሬቱን ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ለዚህ ነው ዛሬ እንጦጦ ላይ አገር በቀል ዛፎች የሚተከሉት። ባሕር ዛፉን ግን አልወቅሰውም። እሱ ባይመጣ ከተማዋም ላትኖር ትችል ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ሲነሳ ቆሼን፣ ረጲ ያለውን የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ፣ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቆሻሻ መጣል ሲጀመርበት ቦታው ከከተማው ዳር ነበር። ከ50 ዓመት በላይ ሲጣልበት ተራራ ሆነ። ከተማውም እየሰፋ ሄዶ ከበበው። ሰው ከሥሩ ቤት ቀለሰ፣ ከላዩ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀመ ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተራራው ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሴቶችና ሕፃናት ብዙ ነበሩ። የተናደባቸው እኛ ከየቤታችን በማዳበሪያ አስረን ያወጣነው ነው። ይሄንን ሳስብ አሁንም ይከብደኛል።

በዓመቱ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ እዚያው ረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ገደማ እንዲያቃጥል ተብሎ የተሠራ ነው። መሠራቱ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን አብዛኛው የቤታችን ቆሻሻ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድና የቡና አተላ ነው። እርጥብ ነገር እንደ ልብ አይነድም። እሱ መበስበስና ወደ አፈር መመለስ ነው ያለበት። ለዚህ ደግሞ ቤት ውስጥ ሁለት ባልዲ ይበቃል፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ ሌላው ለቀረው።

የቀረውን የሚያውቅበት ሰው ድሮም አለን። ጠዋት «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ሲሰማ እናቴ ከአልጋ ሥር የሃይላንድ ኮዳዎቿን ትጎትታለች። ልጁ የተሰበረውን ብረት ድስት አንስቶ በእጁ ይመዝነዋል፣ ጫማውን ገልብጦ ሶሉን ያያል፣ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። አሮጌ ልብስ ወስዳ የፕላስቲክ ሳፋ የምትሰጠው ልዋጭም አለች። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ስንት ነገር ከቆሼ እንደሚያስቀሩ የከተማ ዕቅድ የሚያወጣ ሁሉ ቢያስብበት እመኛለሁ። ጓንትና ዕቃቸውን የሚያከማቹበት ቦታ ይገባቸዋል።

ጥገናም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ነበረው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ጭስ የለውም፣ ለኪስም አይከብድም። ከዚያ መለዋወጫ እያጠረ ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። ለምረቃው በጀት ሲያዝ ለብሎኑም አብሮ መያዝ ነበረበት።

ውሃውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ይመጣል፤ ግን አይበቃም፣ በፈረቃ ነው። በሐምሌ እኛ ሰፈር የሚታየው ነገር ያሳዝነኛል። በረንዳው ላይ ባዶ ጀሪካን ተደርድሯል። ከቆርቆሮው ላይ ደግሞ ዝናቡ እየተንዶለዶለ ወደ ቱቦው ይሄዳል። ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ስለሆነ መሬቱ አይጠጣውም። ቱቦው በፌስታል ከተደፈነ መንገዱ ወንዝ ይሆናል።

አምና አንድ ጎረቤታችን አሸንዳ አሠርተው ከአንድ አሮጌ ሮቶ ጋር አገናኙት። የመጀመሪያውን ዝናብ ጣሪያው ይታጠብ ብለው ይለቁታል፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ያጠራቅማሉ። ለመጠጥ አይሉትም። ለልብስ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለጓሯቸው ጎመን ግን ክረምቱን ሙሉ የቧንቧ ውሃ አልነኩም። ዘንድሮ ከጎናቸው ያሉት ሁለት ቤቶች መሰላል ተውሰው ጣሪያቸውን እየለኩ ነው።