ኤች ኢንዴክስ ምንድን ነው?

ኤች ኢንዴክስ የአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች ምን ያህል በሌሎች እንደተጠቀሱ በአንድ ቁጥር የሚገልጽ መለኪያ ነው። «ኤች ኢንዴክሱ 6 ነው» ከተባለ፣ ካሳተማቸው ጽሑፎች 6ቱ እያንዳንዳቸው 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ተጠቅሰዋል፤ 7 ጊዜ የደረሱት ግን 7 አልሞሉም። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው የፊዚክስ ተመራማሪው ሆርሄ ሂርሽ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ጅማ ላይ ከቡና ገለፈት ሴሉሎስ እያወጣ ፕላስቲክ ለማጠንከር የሚጠቀምበት የፖሊመር ተመራማሪ አለ እንበል። የ10 ጽሑፎቹ ሳይቴሽን፣ ማለትም እያንዳንዳቸው የተጠቀሱበት ብዛት፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ሲደረደር 48፣ 31፣ 22፣ 9፣ 7፣ 6፣ 6፣ 3፣ 1፣ 0 ይሆናል። ከላይ ጀምሮ ተራ ቁጥር እየሰጡ መውረድ ነው። 6ኛው 6 ሳይቴሽን ስላለው ያልፋል፤ 7ኛው 6 ብቻ ስላለው እዚያ ይቆማል። ኤች ኢንዴክሱ 6 ነው። ጠቅላላ ድምሩ 133 ሲሆን፣ የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላር ከጎኑ የሚያሳየው አይ10፣ ማለትም 10 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱት ጽሑፎች ብዛት፣ 3 ነው።

አሁን 48 የነበረው ወደ 480 ከፍ ይበል። ኤች ኢንዴክሱ ንቅንቅ አይልም። በተቃራኒው ተመራማሪው አንድ አዲስ ጽሑፍ አውጥቶ ሁለቱን ባለ 6 ጽሑፎች ራሱ ቢጠቅሳቸው፣ ሁለቱም 7 ይሞሉና ኤች ኢንዴክሱ በአንድ ቀን 7 ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሰው መመዘን ስህተት ነው፤ ዝርዝሩ ተከፍቶ መታየት አለበት። ባለ 48ቱ የራሱ የቤተ ሙከራ ውጤት ነው ወይስ የሌሎችን ሥራ የሚቃኝ ሪቪው? ሪቪው ብዙዎች በመግቢያቸው ላይ ስለሚያነሱት በተለምዶ ብዙ ይጠቀሳል።

ጊዜም አለ፤ የአንድ ሥራ ዋጋ እስኪታወቅ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ስታውዲንገር ፖሊመሮች ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው የሚለውን ሐሳብ በ1920 ሲያቀርብ ብዙ ኬሚስቶች አልተቀበሉትም ነበር፤ የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1953 ነው። ጀማሪና አንጋፋ ሲነጻጸሩ ሂርሽ ራሱ ያቀረበው ማስተካከያ ኤች ኢንዴክሱን ከመጀመሪያው ጽሑፍ ወዲህ ላለፉት ዓመታት ማካፈል ነው። የሒሳብ ሊቅን ከፖሊመር ተመራማሪ ጋር ማወዳደር ግን በማካፈልም አይስተካከልም፤ የመጥቀስ ልማዳቸው የተለያየ ነው።

እኛ አገር ትልቁ ጣጣ ስም ነው። የውጭዎቹ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዛሉ፤ በአንዱ ጽሑፍ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም መጨረሻ ላይ ከዋለ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል። ጅማ ላይ ደግሞ ቁቤ ይጨመራል። «ጫላ» በቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ» ፊደል ጀምሮ አናባቢውን ይደግማል፤ በተለመደው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን በ«ሲ» እና «ኤች» ይጀምራል። ኮምፒዩተሩ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ከየት ያውቃል? 48ቱ በአንዱ ስም፣ 31ዱ በሌላው ስም ይቀራሉ። መፍትሔው ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያው መጽናትና ባለ 16 አኃዝ የኦርኪድ (ORCID) የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጥቶ ለጆርናል በላኩ ቁጥር መስጠት ነው። ምዝገባው ነፃ ነው።

ጉግል ስኮላር ላይ አንዱ ጽሑፍ፣ ቅድመ ኅትመቱ ለብቻ የታተመው ለብቻ ሆኖ፣ ሁለት ቦታ ሊመዘገብ ይችላል። 5 እና 4 ተብሎ የተከፈለው 9 መሆን ሲገባው ዝርዝሩ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱን መርጦ ማዋሃድ ነው። የሞክሼ ሰው ጽሑፍ ገብቶ ከሆነም መሰረዝ፤ አዳዲሶቹ በራሳቸው እንዳይገቡ ደግሞ መጀመሪያ በኢሜይል ፈቃድ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል።

ሌላው የሳይቴሽን መረጃ ቋት ስኮፐስ የተመረጡ ጆርናሎችን ስለሚቆጥር ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል፤ ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍንም ይቆጥራል። ስለዚህ ለዕድገትም ሆነ ለድጋፍ ማመልከቻ ሲጻፍ ባዶውን «6» አይበቃም፤ ከየትኛው ቋት፣ በየትኛው ቀን እንደተወሰደ አብሮ ይጻፍ።