«ዴሞክራት ፈቀደ፣ ሪፐብሊካን ከለከለ»፦ ስለ ጌይ ወታደሮች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሐበሾች ምርጫ ሲቃረብ ቡና ላይ የማናነሳው ጉዳይ የለም። ታክስ፣ ኢሚግሬሽን፣ ከዚያ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግና የጌዮች ጉዳይ። አቋማችን እንደየእምነታችን ይለያያል፤ እሱን ዛሬ አልነካውም። እኔን የሚከነክነኝ ታሪኩን የምናወራበት መንገድ ነው። በተለይ የአሜሪካ ጦር ሲነሳ ሁሉም ሰው ታሪኩን ከፓርቲ ባጅ ላይ ያነበዋል። (ዓመቱም ወሩም የፈረንጅ ነው።)

«ክሊንተን ፈቀዱ፣ ሪፐብሊካኖች ከለከሉ»

ቢል ክሊንተን በ1992 ሲወዳደሩ ጌዮች በጦሩ እንዳያገለግሉ የሚከለክለውን እገዳ አነሳለሁ ብለው ቃል መግባታቸው እውነት ነው። ሥልጣን ሲይዙም ሁለቱም ምክር ቤቶች በራሳቸው ፓርቲ እጅ ነበሩ። ታዲያ ማን አስቆማቸው? የጦሩ አለቆች ተቃውመው ነበር። ኮንግረስ ውስጥ ግን ፊት ለፊት የተጋፈጧቸው የራሳቸው ሰው ናቸው፦ የጆርጂያው ዴሞክራት ሳም ነን፣ የሴኔቱ የጦር ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ። ሴናተር ነን በሜይ 1993 ካሜራ አስከትለው ኖርፎክ የባሕር ኃይል ሰፈር ወረዱ። ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ገብተው መርከበኞቹ ተደራርበው የሚተኙባቸውን ጠባብ አልጋዎች አሳዩ። ብዙ መናገር አላስፈለጋቸውም፤ አልጋዎቹ ተናገሩላቸው።

በዚያው ዓመት ባሪ ጎልድዋተር ጋዜጣ ላይ ጽፈው እገዳው ይነሳ አሉ። ጎልድዋተር ማለት በ1964 የሪፐብሊካን እጩ የነበሩ፣ የወግ አጥባቂዎቹ አባት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጌዮች ከጁሊየስ ቄሳር ዘመን ጀምሮ በክብር ሲዋጉ ኖረዋል፣ አዲስ ነገር አይደለም ነው ነገራቸው።

እገዳውም ቢሆን የሪፐብሊካን ፈጠራ አይደለም። «ግብረ ሰዶማዊነት ከውትድርና ጋር አይጣጣምም» የሚለውን የፔንታገን መመሪያ በጃንዋሪ 1981 ያወጣው የዴሞክራቱ የካርተር አስተዳደር ነው፤ ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት። የሬገን ሰዎች ተረክበው ሠሩበት።

የ1993ቱ ግርግር መጨረሻው «አትጠይቅ፣ አትናገር» የተባለው ሕግ ሆነ፦ ጦሩ ጌይ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ ወታደሩም ማንነቱን አይናገርም። ኮንግረስ አጸደቀው፣ ክሊንተን ፈረሙበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ከዚያ በፊት እገዳው የፔንታገን መመሪያ ብቻ ስለነበር አንድ ፕሬዚዳንት በትእዛዝ ሊሽረው ይችል ነበር። ሕግ ከሆነ በኋላ ግን ለመሻር የኮንግረስ ድምፅ አስፈለገ። አነሳለሁ ያሉት ሰው ጭራሽ አጠበቁት ማለት ነው።

«አፉን ዘግቶ የኖረን ማንም አልነካውም»

ስሙ እንደዚያ ያስመስለዋል። ሕጉ ግን የሚያባርርባቸው ሦስት ምክንያቶች ነበሩት፦ ማንነትን መናገር፣ ድርጊት፣ ከተመሳሳይ ጾታ ጋር መጋባት ወይም ለመጋባት መሞከር። ንግግር የተባለውም አዛዥ ፊት የተነገረ ብቻ አልነበረም። ለጓደኛ በምስጢር ያወራኸው ነገር በሌላ ሰው በኩል አዛዡ ጆሮ ከደረሰ ምርመራ ሊከፈትብህ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ሕጉ ሥራ ላይ በቆየባቸው ዓመታት ከ13 ሺህ በላይ ሰዎች ተሰናብተዋል። ከመካከላቸው አረብኛ የሠለጠኑ ከ50 የሚበልጡ ነበሩበት፤ ያውም ከ2001ዱ ጥቃት በኋላ አሜሪካ የአረብኛ አስተርጓሚ ፍለጋ ስትንከራተት።

«ኦባማ ብቻቸውን ሻሩት»

ሕጉን ፍርድ ቤት የጎተተው ማን እንደሆነ ስነግራቸው ሰዎች አያምኑኝም። ሎግ ካቢን ሪፐብሊካንስ የሚባል የጌይ ሪፐብሊካኖች ማኅበር ነው። በ2004፣ የራሳቸው ፓርቲ ሰው ቡሽ ዋይት ሀውስ እያሉ ከሰሱ። በሴፕቴምበር 2010 ዳኛ ቨርጂኒያ ፊሊፕስ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱላቸው። ይግባኝ ያለው ደግሞ የኦባማ ፍትሕ ሚኒስቴር! ኦባማ ሕጉ እንዲሻር ይፈልጉ ነበር፤ ግን በኮንግረስ በኩል ይሁን ነው ያሉት።

ኮንግረስም በዲሴምበር 2010 ሻረው። በተወካዮች ምክር ቤት 250 ለ175፣ በሴኔት 65 ለ31። ብዙው የድጋፍ ድምፅ የዴሞክራት፣ ብዙው ተቃውሞ የሪፐብሊካን ነው፤ ይሄን መካድ አይቻልም። ቢሆንም በተወካዮች ምክር ቤት 15 ሪፐብሊካኖች ደግፈዋል፣ 15 ዴሞክራቶች ተቃውመዋል። በሴኔትም 8 ሪፐብሊካኖች «ይሻር» ብለዋል። ተግባራዊ የሆነው ሴፕቴምበር 20፣ 2011 ነው።

«ጦሩ ይፈርሳል»

አልፈረሰም። የማሪን አዛዡ ጄኔራል ጄምስ አሞስ ከተቃዋሚዎቹ ዋነኛው ነበሩ፤ ዓመት ሳይሞላ ነገሩ በሰላም መሄዱን ራሳቸው ተናገሩ።

«በሌላውም አገር ግራው ይፈቅዳል፣ ቀኙ ይከለክላል»

ካናዳ እገዳውን ያነሳችው በ1992፣ ወግ አጥባቂው ማልሮኒ ሥልጣን ላይ እያሉ፣ በፍርድ ቤት ክስ ተገፍታ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እገዳውን አውሮፓ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ የተሟገተለት የሌበር መንግሥት ነው። በ1999 ተሸነፈ፣ በ2000 አነሳው። የእኛ ልጆች በብዛት የሚያገለግሉበት የእስራኤል ሠራዊት ገደቡን በ1993 ያነሳው ደግሞ ፕሮፌሰር ዑዚ ኤቨን ክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) ቀርበው፣ ጌይ በመሆናቸው የምስጢር ሥራ ፈቃዳቸውን እንደተነጠቁ ከተናገሩ በኋላ ነው።

«ትራምፕ የ2010ሩን ሕግ ሻሩት»

ይሄ የሁለት ጉዳይ መደበላለቅ ነው። በጃንዋሪ 2025 የታገዱት ትራንስጀንደር ወታደሮች ናቸው። «አትጠይቅ፣ አትናገር»ን የሻረው የ2010ሩ ሕግ ድሮም እነሱን አይመለከትም ነበር።

«ሕጉ ተሽሯል፣ ነገሩ አልቋል»

ከአሜሪካ ጦር የተሰናበተ ሰው ዲዲ 214 የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። ሥራ ሲያመለክት፣ የወታደር ቤት ብድር ሲጠይቅ የሚያሳየው እሱን ነው። ወረቀቱ ላይ የስንብት ምክንያት የሚጻፍበት ሳጥን አለ። በጌይነታቸው የተባረሩ ብዙዎች እዚያች ሳጥን ውስጥ ጉዳያቸው ተጽፎባቸዋል፤ ያልነገሩት ቀጣሪም ያነበዋል። በጁን 2024 ባይደን በድሮው የጦር ሕግ ከተመሳሳይ ጾታ ጋር በፈቃደኝነት ባደረጉት ግንኙነት ምክንያት ለተፈረደባቸው ይቅርታ አድርገዋል። ይቅርታው ግን ወረቀቱን በራሱ አይቀይርም። መጀመሪያ የይቅርታ ማስረጃ ለማግኘት ቅጽ ይሞላል። ሳጥኑ እንዲቀየር ደግሞ ሌላ ቅጽ።