«ኮሜንቴ የት ሄደ?» ለምትሉኝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰኔ ሲቃረብ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጎርፋል። ተማሪው ፍላሹን ይዞ ይገባና «ጋሼ፣ የአድቫይዘሬን ኮሜንት አጠፉብኝ እኮ» ይላል። እኔ አላጠፋሁም። ስንት ዓመት ይህን ስመልስ ኖርኩ፣ ዛሬ ጽፌው ልረፍ።

«ፒዲኤፉ ላይ ቃሉን ቀብቼዋለሁ፣ የትም አይሄድም።»

ቃሉን አልቀባኸውም። የቀባኸው ቦታውን ነው። ፒዲኤፍ ላይ ሃይላይት ስታደርግ ፋይሉ የሚመዘግበው «ገጽ 14፣ ከታች ይህን ያህል፣ ከግራ ይህን ያህል» ብሎ ነው፤ መለኪያው ደግሞ የኢንች 1/72ኛ ነው። ከሥሩ ምን ቃል እንደተጻፈ አይገደውም። ወረቀት ላይ ላስቲክ አንጥፈህ ላስቲኩን እንደቀባህ ቁጠረው። ወረቀቱን አውጥቼ ሌላ ባስገባ ቀለሙ እዚያው ነው።

አንዷ ደንበኛዬ 43 ኮሜንት የተሰጠበት ፒዲኤፍ ነበራት። ጽሑፉን የጻፈችበት የወርድ ፋይል ላይ አስተካከለች፣ በዚያው መሃል «ምስጋና ረስቻለሁ» ብላ ገጽ 3 ላይ አንድ ገጽ አስገባች፣ አዲስ ፒዲኤፍ አወጣች። ከዚያ የድሮዎቹን ኮሜንቶች ወደ አዲሱ አዛውርልኝ አለችኝ። አይሆንም ብላት አልሰማ አለች። አዛወርኩት። ሁሉም የድሮ ገጹ ላይ ቁጭ አለ፣ ጽሑፉ ግን አንድ ገጽ ወደፊት ሄዷል። «ማስረጃሽ የታለ?» የሚለው ኮሜንት እናቷን ያመሰገነችበት መስመር ላይ አረፈ። እሷ ሳቀች። እኔ ግን ያን ቀን 43ቱን አንድ በአንድ በእጄ መልሼ ሳስቀምጥ አመሸሁ፣ መሃል ላይም መብራት ሄደ።

ደግሞ የጠፋ ኮሜንት ይሻላል፣ መጥፋቱ ይታወቃል። ቦታውን ስቶ የተቀመጠውን ግን ማንም አይጠረጥረውም፣ ተማሪው ደህናውን አንቀጽ ይሰርዛል።

«ወርድ ላይ ከሆነ ሰላም ነው።»

በግማሽ። ወርድ የኮሜንቱን መነሻና መድረሻ ምልክት ጽሑፉ ውስጥ ነው የሚተክለው፣ ስለዚህ ከላይ ብትጨምር አብሮ ይገፋል። ዓረፍተ ነገሩን አጥፍተህ ከታች እንደ አዲስ ከጻፍከው ግን ኮሜንቱም አብሮ ተቀበረ። አንተ «አስተካከልኩት» ትላለህ፣ ወርድ የሚያውቀው መሰረዝህን ነው።

«የገጽ ቁጥር ጽፌያለሁ፣ ይበቃል።» የወርዱን ፋይል ስልክህ ላይ ክፈትና ፊደሉን አንዴ አሳድገው፣ ገጹ ሁሉ ይቀያየራል፤ ከዚያ ገጽ 14ህን ፈልገው።

«ፕሮግራሙ አማርኛ ስለማይችል ነው።»

ይሄኛው ያናድደኛል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ለፊደላት በጋራ የሚጠቀሙበት የቁጥር መዝገብ ነው) ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ችግሩ እኛ ነን። ግማሹ ሰው አራት ነጥብን እንደ አንድ ምልክት «።» ይጽፋል፣ ግማሹ ደግሞ ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ «፡፡» ያደርገዋል። ለዓይን አንድ ነው፣ ለማሽኑ አንዱ አንድ ምልክት ነው፣ ሌላው ሁለት። አንዳንድ ፕሮግራም ማስታወሻህን «ከመጀመሪያው 8,000ኛው ፊደል» ብሎ ነው የሚይዘው። 200 ዓረፍተ ነገር ካለፈ በኋላ ያለ ማስታወሻ ላይ «፡፡»ን በሙሉ በ«።» ብትቀይር፣ ጽሑፉ 200 ምልክት ወደኋላ ይሳባል፤ ማስታወሻው ሦስት መስመር ገደማ አልፎት ይቆማል።

ብልጥ የሆኑት ቁጥር ብቻ አይዙም። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት ደብልዩ ሦስት ሲ (W3C) በ2017 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የማስታወሻ ደረጃ የተመረጠውን ቃል ራሱን፣ ከፊቱና ከኋላው ካለው ትንሽ ጽሑፍ ጋር መያዝን ይፈቅዳል። ሃይፖተሲስ የሚባለው የድረ ገጽ ማስታወሻ መያዣ ፕሮግራም ለምሳሌ ከግራም ከቀኝም 32 ምልክት ይይዛል፣ ልክ የሆነው ካልተገኘ ተቀራራቢውን ይፈልጋል። ጥሩ ነው። አንተ ግን ቁልፍ ቃልህን አንዴ «ሠራተኛ» አንዴ «ሰራተኛ» ካልክ እሱም ይደናገራል፣ አይፈረድበትም። ዩኒኮድን በማይከተል በድሮ ፎንት የተጻፈውማ ኮፒ ስታደርገው የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚወጣው፣ ምኑን ይፈልገው?

ስለዚህ ኮሜንት ሰጪዎች፣ እባካችሁ «ይስተካከል» ብቻ አትበሉ። የሚስተካከለውን አራት አምስት ቃል ኮሜንቱ ውስጥ ገልብጡት፣ ቦታው ቢናጋ እንኳ በፍለጋ አገኘዋለሁ። ተማሪዎች፣ ኮሜንት ያለበትን ቅጂ አትንኩት። ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡና ሌላ ቅጂ ላይ ሥሩ። አራት ነጥቡንም ሆነ ሆሄውን አድቫይዘር ጋ ከመሄዱ በፊት አስተካክሉ፣ ከተመለሰ በኋላ አይደለም።

«ስክሪንሾት አንስቻለሁ።» ጎበዝ፣ እሱ አይንሸራተትም። ብቻ 43 ስክሪንሾት በቴሌግራም ልከህ «ቅደም ተከተሉን እርስዎ ያውቁታል» አትበለኝ።