ሰንጠረዥ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው የመካከለኛው ዘመን ቼዝ

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው ቁጥር የተደረደረበት መስመራም ገጽ ነው። ቃሉ ግን ከዐረብኛው ሻትራንጅ ጋር አንድ የሆነ የጨዋታ ስም ነው። ጨዋታው ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ዐረቦች በ7ኛው መቶ ዘመን ፋርስን ከያዙ በኋላ ደግሞ ወደ ባግዳድ ተሻገረ። እዚያም በከሊፋ አል-ሙክታፊ ዘመን (902–908 እ.ኤ.አ.) አስ-ሱሊ የሚባለው ተጫዋች ተወዳዳሪ አጥቶ ነበር።

ሰሌዳው 64 ቤት፣ የየወገኑ ጠጠር 16 ነው። ቤቶቹ ጥቁርና ነጭ አይደሉም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ጥብጣብ እየሰፉ ይለዩዋቸው ነበር። ንጉሥ፣ ፈረስና ደር (ዳር ዳር የሚቆመው) አሁን እንደምናውቀው ይሄዳሉ። መደቅ፣ ማለትም ወታደሩ፣ ከመነሻውም ቢሆን ሁለት ቤት አይራመድም። ዛሬ ንግሥቲቱ ያለችበትን ቦታ የያዘው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል።

አስቸጋሪው ጠጠር ፊል ነው፤ ሳባም ይሉታል። በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፣ መሀል የቆመ ጠጠር አያግደውም። ይህን ያየ ብርቱ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ሊረግጥ የሚችለው 8 ቤት ብቻ ነው። አራቱም ፊሎች የየራሳቸው 8 ቤት ስላላቸው አንዱ ሌላውን አይበላም። የባላጋራ ሁለት ፊሎች ከ16 ቤት በላይ አይደርሱም ማለት ነው፤ የቀሩትን 48 ቤቶች የለየ ተጫዋች ከፊሎቹ ስጋት ነፃ ነው።

ጠጠሮቹ ደካሞች ስለሆኑ አጀማመሩ ይጎተታል። ዐረቦች «ተዕቢያ» የሚባል የታወቀ አሰላለፍ ሠርተው ይህን አሳጠሩ። የኢትዮጵያው መፍትሔ ግን ይበልጥ ያስደንቃል፦ ወረራ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንደፈለጉ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። የራሱን አሰላለፍ ብቻ የሚያይ ይቀደማል፤ ዓይን ከባላጋራ እጅ ላይ አይነሣም። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ተራ ይጠበቃል።

አውሮፓ ይህን ጨዋታ የለወጠችው በ1475 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው፤ በቫሌንሲያ ንግሥቲቱ የዛሬውን ኃይል አገኘች። ኢትዮጵያ ግን በድሮው ቀጠለች። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያም እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል። በጣልያን ወረራ ዋዜማ ግን ተጫዋቹ ጥቂት ሆኖ ነበር።

በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ (ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ማሸነፍ) ብዙም አያስመሰግንም፤ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ ያሸነፈ ግን ይወደሳል። በሻትራንጅ የባላጋራን ንጉሥ ብቻውን ያስቀረ አሸናፊ ነው። በኢትዮጵያው ሰንጠረዥ ግን ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ ስለማይፈቀድ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ስስታም በእጁ የገባውን ድል ያበላሻል።