አናሎግ ኮንሶል ላይ ሚክስ ማድረግ ምንድን ነው? ያዋጣልስ?

ቀረጻው አልቋል እንበል። ድራሙ፣ ቤዙ፣ ጊታሩ፣ የዘፋኙ ድምፅ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። የቀረው ሚክስ ነው፤ የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ አንድ ዘፈን ማድረግ። እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ በፕለጊን፣ ማለትም ድምፅ በሚያስተካክሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ እንጨርሰው ወይስ ትልቅ አናሎግ ኮንሶል ያለው ስቱዲዮ ለአንድ ሁለት ቀን ተከራይተን እንግባ? ብዙ ሰው ይህን የሚወስነው ፎቶ አይቶ ነው። ያ በመብራትና በቁልፍ የተሞላ ጠረጴዛ ልብ ይሰርቃል፣ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ እንይ።

ኮንሶል በተለምዶ ሚክሰር የምንለው ዕቃ ነው፤ የስቱዲዮው ግዙፉ ዓይነት። አናሎግ የሚባለው ድምፁ እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ኤሌክትሪክ ስለሚያልፍበት ነው። ከላይ እስከ ታች የተዘረጋው እያንዳንዱ መስመር አንድ ቻናል ነው። የሚገባውን ድምፅ ጉልበት የሚወስነው ጌይን አለው፣ ቀጭንና ወፍራም ድምፁን የሚያስተካክለው ኢኪው አለው፣ አንዳንዱ ከፍ ዝቁን የሚያጠብበው ኮምፕረሰርም አለው፣ ከታች ደግሞ ድምፁን ከፍና ዝቅ ለማድረግ በጣት የሚገፋው ፌደር አለ። ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ድምፅ ኮንቨርተር በሚባል መሣሪያ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀየርና በየቻናሉ ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተደምሮ ግራና ቀኝ ሁለት መስመር ይሆንና ተመልሶ ይቀዳል። በቃ፣ ሥራው ይኼ ነው።

«አናሎግ ሞቅ ያለ ድምፅ አለው» ሲባል ሰምታችኋል። ከየት ይመጣል? ትራንስፎርመርና ትራንዚስተር ውስጥ የሚያልፍ ድምፅ ገፋ ሲደረግ በትንሹ ይዛባል፣ ይህ መዛባት ለጆሮ ደስ የሚል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከአንዱ ቻናል ወደ ጎረቤቱ ጥቂት ድምፅ ያፈተልካል። የግራና የቀኙ መስመርም ፍጹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ኮምፒውተር ግን ድምፆችን ሲደምር የሚሠራው ንጹህ ሂሳብ ነው፤ ስህተቱ ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው እጅግ በታች ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተር ድምፅ መደመር አይችልም» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ኮንሶሉ የሚሰጠው የተሻለ ድምር ሳይሆን የራሱ ቀለም ያለው ድምር ነው። ቀለሙ ለዚህ ዘፈን ይሆናል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ለእኔ ትልቁ ልዩነት ግን እጅ ላይ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስሠራ ስኔሩ (ከድራሞቹ አንዱ) ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) እንደጨመርኩ ስክሪኑ ይነግረኛል፣ 8 የሚል ቁጥር ሳይ እደነግጥና ወደ 3 እመልሰዋለሁ፣ ጆሮዬ ሳይሆን ዓይኔ ነው የወሰነው። ኮንሶል ላይ ግን እየሰማሁ አዞራለሁ፣ ልክ ሲመጣ እጄን አነሳለሁ። አንዱ ጣት ቤዙ ላይ፣ ሌላው ኪኩ (በእግር የሚመታው ድራም) ላይ፣ ዓይን ጨፍኖ ሁለቱን እኩል እየገፉ ሚዛናቸውን መፈለግ በአንድ ማውስ የማይሆን ነገር ነው። በዚያ ላይ ሥራው ይፈጥናል፣ ምክንያቱም አማራጩ ውስን ነው፤ አንድ ቻናል ላይ አንድ ኢኪው አለ፣ እሱን ትጠቀማለህ ታልፋለህ።

ጣጣው የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዘፋኙ መኪና ውስጥ ሰምቶ ይደውላል፤ «ሁሉም አሪፍ ነው፣ ድምፄን ብቻ ትንሽ ከፍ አድርግልኝ።» ኮምፒውተር ላይ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ኮንሶል ላይ ግን በመሃል ሌላ ሰው ሌላ ዘፈን ሠርቶበታል፣ ሁሉም ቁልፍ ተነቅንቋል። በ1979 የወጣው ኤስኤስኤል 4000 ኢ የተባለው ኮንሶል ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ ለዚህ ያመጣው መላ ነው፤ ኮምፒውተሩ የቁልፎቹን ቦታ ይመዘግብና በኋላ ስክሪን ላይ ያሳያል። ቁልፉን እዚያ ቦታ ላይ የሚያደርሰው ግን የሰው እጅ ነው፣ አንድ በአንድ። ይህ የሌለው ኮንሶል ላይ ደግሞ ወረቀትና የስልክ ፎቶ ነው ያለው። እኔ አንድ ጊዜ ሁሉንም ፎቶ አንስቼ የቤዙ ኢኪው መብራቱ ጠፍቶ ይሁን በርቶ ሳልይዝ ቀረሁ። ያ ቤዝ እንደዚያ ቀን ሆኖ አልተመለሰም።

ስለዚህ ውሳኔው የሚጀምረው ከድምፅ ሳይሆን ከሰዎቹ ነው ባይ ነኝ። ዘፋኙና ፕሮዲውሰሩ ስቱዲዮ ድረስ መጥተው፣ ሰምተው፣ እዚያው «ይሁን» የሚሉ ከሆነ ግቡ፤ ድንቅ ቀን ነው የሚሆነው። አምስት ሰው በየፊናው አስተያየት የሚልክበት ሥራ ከሆነ ግን ኮምፒውተር ውስጥ ጨርሱት። ዘፈኑ በጥድፊያ ሚክስ እንኳ የማይቆም ከሆነም ችግሩ ቅንብሩ ወይም ቀረጻው ላይ ነውና ኮንሶል አያድነውም።

ከገባችሁ ተዘጋጅታችሁ ግቡ። 90 ትራክ ይዞ 24 ቻናል ፊት መቀመጥ ቀኑን ያቃጥላል፤ የጀርባ ድምፆቹን ወደ ሁለት ትራክ፣ ፐርከሽኑን ወደ ሁለት ትራክ ቀድማችሁ ሰብስቡ። ከመከራየታችሁ በፊት የትኞቹ ቻናሎች እንደማይሠሩ ጠይቁ። ያረጀ ኮንሶል ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ክፍሎች ይደርቃሉ፣ ቁልፎቹ ይንኮሻኮሻሉ፤ የሚጠግነው ቴክኒሻን የሌለው ስቱዲዮ ደግሞ ግማሽ ቀናችሁን ይበላል። ቅጂው ደግሞ በዘፈኑ ርዝመት ልክ ነው የሚሄደው፦ የ4 ደቂቃ ዘፈን ዋናው፣ የዘፋኙ ድምፅ ከፍ ያለበት፣ የዘፋኙ ድምፅ ዝቅ ያለበትና ሙዚቃው ብቻ ሲቀዳ ቢያንስ 16 ደቂቃ ይፈጃል። አራቱንም በዚያው ማታ ቅዱ። ያ «ትንሽ ከፍ» የሚል ስልክ ሲመጣ መልሱ ተቀድቶ ይጠብቃችኋል።

መሃል መንገድም አለ። ሰሚንግ ሚክሰር የሚባል ትንሽ ሣጥን አለ፣ ለምሳሌ 16 መስመር ተቀብሎ ሁለት አድርጎ ያወጣል፤ ቀለሙን ትንሽ ይሰጣል፣ እጁን ግን አይሰጥም። እኔን ብዙም አላጓጓኝም።

አሁንም ካመነታችሁ አንድ ዘፈን በሁለቱም መንገድ ሥሩና አወዳድሩ። ከማወዳደራችሁ በፊት ግን የሁለቱን የድምፅ ከፍታ እኩል አድርጉ፤ በግማሽ ዴሲቤል ከፍ ያለው እንኳ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ከዚያ ሌላ ሰው ያጫውትላችሁ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግራችሁ፣ እናንተም ስክሪኑን ሳታዩ።