«ጨረር ካሏትማ አልቆላታል» ለምትሉ

ባለፈው ወር አንድ ወጣት እናቱን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ ብቻውን ገባ። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዶክተር፣ ኦፕራሲዮን አይሆንም ካላችሁ ምን ቀረ? አገሯ ልመልሳት?» አለኝ። እናቱ የማህጸን በር ካንሰር አለባቸው። እኛ ጨረር ነው ያዘዝነው። እሱ የሰማው «አልቆላታል» የሚል ነው።

የጨረር ሐኪም ነኝ። ይህን መስማት በእውነት ሰልችቶኛል።

ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ በኦፕራሲዮን ይወጣል። ከማህጸን በር አልፎ ዙሪያው ወዳለው አካል ከገባ ግን ቢላዋ ጠርጎ አይጨርሰውም። ያኔ ዋናው ሕክምና ጨረር ከኬሞ (ካንሰር ከሚገድል መድኃኒት) ጋር ነው። የሚሰጠውም ለማዳን እንጂ ለማጽናናት አይደለም። በፈረንጆቹ 1999 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ለሐኪሞች ማሳሰቢያ አውጥቶ ነበር። አምስት ጥናቶች ጨረሩ ሲስፕላቲን ከሚባለው የኬሞ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ብዙ ሴቶች እንደሚተርፉ ስላሳዩ ነው።

ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ወረፋው ወራት ይፈጃል፤ በሽታው ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። ጎረቤት ያየው «ጨረር ገብታ ሞተች» ነው። የገደላት መዘግየቱ ነበር። ዛሬ ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጭም ማሽን አለ።

«ደሙ ቆመልኝ፣ ድኛለሁ።» ይሄኛው ያስፈራኛል። ጨረር በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ከካንሰሩ የሚፈሰው ደም መቆሙ የተለመደ ነው፤ ካንሰሩ ግን ገና እዚያው ነው። ከውጭ የሚሰጠው ጨረር ከሰኞ እስከ አርብ፣ አምስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ብራኪቴራፒ ይከተላል፤ ጨረሩ ውስጥ ገብቶ ከዕጢው አጠገብ ይሰጣል። ሁሉም በስምንት ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ነው የሚፈለገው። አንዲት እናት በሦስተኛው ሳምንት ጸበል ሄደው ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ። ደሙም አብሮ ተመልሶ ነበር። ጸበል አልከለክልም። ቅዳሜና እሁድ ጨረር የለም፤ ያኔ ሂዱ። ዳሌያችሁ ላይ በቀለም ያሰመርነውን ምልክት ብቻ አደራ አትፈግፍጉት፤ ማሽኑን የምናስተካክለው በእሱ ነው።

«ፀጉሬ ይረግፋል።» ዳሌ ላይ የተሰጠ ጨረር የራስ ፀጉር አያረግፍም።

«ልጆቼን ማቀፍ አልችልም።» ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም ያበቃል። ልጆቻችሁን እቀፉ።

«እንደ እሳት ያቃጥላል።» ሲሰጥ ምንም አይሰማም። እየቆየ ግን ድካም፣ ተቅማጥ፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ይመጣል። ንገሩን፣ መድኃኒት አለው። ብልት ሊጠብም ይችላል፤ እሱንም ሳታፍሩ ንገሩን፣ የምናደርገው አለ።

«ባሏ ላይ ይጋባል።» ካንሰር አይጋባም። በዚህ ወሬ ትዳር ሲፈርስ አይቻለሁ።

ሌላም ልንገራችሁ። ከጨረሩ በፊት ውሃ ጠጥታችሁ ሽንት ያዙ የምንለው ለማስቸገር አይደለም። የሞላ ፊኛ አንጀትን ከጨረሩ መንገድ ገፋ ያደርግልናል።

የዚያ ወጣት እናት ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። እሱ በየቀኑ የሃይላንድ ውሃ ይዞ ይመጣል፤ ተራቸው ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው «እማዬ፣ ጠጪ» ይላቸዋል።